ርግቧ በባስልዮስ ዳቦ ውስጥ

ከኪያቶ በላይ፣ ጃንዋሪ 9 ቀን 1979

በራጅ ክፍል ለምትሠራው የልጅ ልጄ ለዲያማንቶ፣ ሽቱትጋርት፤

የቤታችን አውራ ዶሮ፣ ከስድስት ዓመት ታማኝ አገልግሎት በኋላ፣ ካለፈው ዓርብ ጀምሮ ጎህ ሲቀድ መጮኹን ትቶ ምሳ ሰዓት ላይ ብቻ መጮኽ የጀመረ መሆኑን በታላቅ ሐዘን አስታውቃለሁ። ምክንያቱ በመጣራት ላይ ነው። ያያሽ፣ ሴት አያትሽ፣ ዶሮው አርጅቷል፣ ሾርባ ይሁን ትላለች። እኔ ጡረታ ወጥቶ ነው ብዬ ተከራከርኩለት፤ ጡረተኛ ሲያሻው ይነሳል፣ ሲያሻው ይጮኻል። አያትሽ ይህን ስትሰማ ዶሮውን ትታ እኔን አተኩራ ማየት ስለጀመረች ክርክሩን አቋርጫለሁ።

እንዴት ከረምሽ፣ ዓይኔ? ብርዱስ? እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ዝናብ ሲመጣ ከሬዲዮው ቀድሞ ይናገራል፤ ሌላው አካሌ ዝም ብሏል።

የባስልዮስን ዳቦ እንደ ወጉ በአዲስ ዓመት ቀን ቆረስን። ቢላዋውን ይዤ ሦስት ጊዜ አማተብኩበትና ቁራሽ በቁራሽ ደለደልኩት፤ ለክርስቶስ፣ ለእመቤታችን፣ ለቤቱ፣ ቀጥሎ ከትልቅ ወደ ትንሽ፣ ከዚያ ለሩቋ ላንቺ፣ በመጨረሻም ለደጁ ድሃ። አያትሽ ሊጡ ውስጥ የከተተችው ሁለት ድራክማ ለአጎትሽ ለላምብሮስ ደረሰው። የዓመቱ ዕድል የኔ ነው ብሎ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደ ጳጳስ ነው የሚራመደው። በዚያው ሳምንት በሞተር ብስክሌቱ ከሎሚ ዛፍ ጋር ተላትሞ ግንባሩ አብጧል፤ ዕድሉ ግን አሁንም እንደጸና ነው ባይ ነው።

ያንቺን ቁራሽ ወደዚያ ሎሚ የሚያመላልሰው ስታማቲስ በጭነት መኪናው ይዞልሽ ሄዷል። ደረሰሽ? በላሽው እንዴ? ካልበላሽው ቀስ ብለሽ ብዪው። መብራት አብርተሽ፣ ነጭ ሰሃን ላይ አድርገሽ፣ በፊት ጥርሶችሽ ብቻ፣ በጥቂት በጥቂቱ እየቆነጠርሽ። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ። ሽማግሌ ስለ ሰው ጥርስ ማሰብ ይወዳል፤ የራሱ ስለሌለው ነው።

ስልክ አትደውዪ። የመንደሩ ስልክ ያኮቮስ ሱቅ ውስጥ ነው። ያኮቮስ አይብ ሲመዝን እንኳ ጆሮው ከስልኩ አይነቀልም። ጻፊልኝ። ቶሎ ጻፊልኝ።

አያትሽ ትስምሻለች። እኔ በጢሜ እወጋሻለሁ።

ወንድ አያትሽ፣ ፓፑሽ ሳራንዲስ


ከኪያቶ በላይ፣ ጃንዋሪ 22 ቀን 1979

ዲያማንቶ፣

ደብዳቤሽ ትናንት ገባ። ቁራሹ ውስጥ ያለው ምስማር ነው፣ ቀለበት ነው፣ ወይስ አእምሮህ ነው የሳተው ብለሽ ጠይቀሽኛል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አይደሉም። ሦስተኛውን አንቺው ፍረጂ።

ቁጥር 17 ናት።

አርባ አንዱን ሳንቲሞቼን ታውቂያቸዋለሽ። ከአሣ ቅርፊት የማይበልጡ የጥንት ብሮች ናቸው፤ በመስኮት ነፋስ ከገባ የሚበሩ፣ ሰው ሲያስነጥስ የሚጠፉ። ሃምሳ ዓመት ለቀምኳቸው። አጎትሽ የገበያ ቀን ቆሻሻ ይላቸዋል። ሌላው ሰው ለሚስቱ የሚሰጠውን ዓይን እኔ በአጉሊ መነጽር ለነሱ ሰጠሁ፣ አያትሽም ይህን በየበዓሉ ታስታውሰኛለች። በወረቀት የኔ አይደሉም። እያንዳንዷ በመንግሥት መዝገብ ቁጥር፣ ክብደትና ፎቶ አላት፤ እኔ ሞግዚት ነኝ፣ ፈቃዴም የሞግዚት ፈቃድ ነው።

እንግዲህ ጉዱን ስሚ። የአዲስ ዓመት ዋዜማ አያትሽ ሊጡን አቡክታ ሁለት ድራክማዋን ከተተችና ብርቱካን ልትልጥ ዞር አለች። እኔም ቁጥር 17ን ከሳጥኗ አውጥቼ ሊጡ ውስጥ ጣልኳት። ላምብሮስን ላሾፍበት ነበር። ሁልጊዜ የአሣ ቅርፊት ስብስብ ይለኛል፤ አንዷ ጥርሱ ላይ ስትቆምበት ማንነቷን ይወቅ አልኩ። ዕድሉን ግን በሁለት ድራክማው ጨረሰ። ሌላ ማንም ምንም አላገኘም።

የቤቱን ቁራሽ በዱቄት ወንፊት ነፋሁት። የክርስቶስንና የእመቤታችንን ነፋሁ፣ እነሱ ይቅር ይበሉኝ። የደጁን ድሃ ድርሻ የወሰደው እየዞረ ቢላዋ የሚስለው ሰውዬ ነው፤ ሁለት መንደር አልፌ ደረስኩበት። ለአህያዬ ሰጠኋት አለኝ። አህያዋን ሁለት ቀን ተከተልኳት፤ ዝርዝሩ ለሴት ልጅ አይጻፍም። እዚያም የለችም። የቀረው ያንቺ ብቻ ነው።

አሁን የማይሳቀው። ባለፈው ሳምንት ከቅርስ መሥሪያ ቤት ወረቀት መጣ። ዓርብ ማርች 2 ወይዘሮ ማቭሮማቲ የምትባል ተቆጣጣሪ መዝገቡን ይዛ ትመጣለች፤ አንድ በአንድ ትቆጥራለች፣ አንድ በአንድ ትመዝናለች። አንዲት ብትጎድል ፈቃዴ ይሰረዛል፣ አርባዎቹም ይወሰዳሉ። የጎደለችው ድንበር ተሻግራ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ስም አለው፤ እዚህ አልጽፈውም። አርባ ቀን የለኝም።

የቁራሹን ግማሽ ለአከራይሽ ለወይዘሮ ሄድቪግ ሰጠኋት ስላልሽው ልቤ ደንግጧል። ሴትዮዋ ደህና ናት? ሆዷ እንዴት ነው? እንደ ቀልድ አድርገሽ አንድ ራጅ ልታነሺያት አትችይም? የቀረው ግማሽ እንደ ድንጋይ ደርቆ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ አለ ብለሻል። በእግዚአብሔር ይዤሻለሁ፣ እንዳትነኪው። ቢላዋ አታሳርፊበት፣ አትቀጥቅጪው።

ካገኘሻት በጥርስ ሳሙና እንዳታሻሻት። ጀርመን ሁሉን ነገር ማሻሸት ይወዳል። በንጹሕ ውኃ ብቻ። የወፏን ምንቃር እዪ፤ ከተቆለመመ ንስር ነው፣ ቀጥ ካለ ርግብ ናት። ወዴት እንደምትበር ጻፊልኝ። ጠርዟን እዪ፤ ዙሪያውን እንደ ስፌት መስመር ካለባት በቅርጽ የፈሰሰች አስመሳይ ናትና እኔ አላውቃትም። የኛዋ በመዶሻ የተመታች ናት፤ በአንድ በኩል ሰንጠቅ ትላለች፣ እንደ አጎትሽ ግንባር።

ለአያትሽ አልነገርኳትም። በደብዳቤሽ ላይ ለሷ የሚነበብ አንድ ገጽ ለብቻው ጨምሪበት።

ፓፑሽ


ሽቱትጋርት፣ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1979

ፓፑ፣

ይህ ያንተ ገጽ ነው። ለያያ የጻፍኩት ሌላኛው ነው፤ ስለ አየር ሁኔታና ስለ ድንች ነው።

ወይዘሮ ሄድቪግን ራጅ አላነሳኋትም። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፣ ምን ብዬ ነው የማነሳት? ያገሬ ሰዎች ዳቦ ውስጥ ቅርስ ይጋግራሉ ልበላት? ቁራሹን ግን አነሳሁት። ትናንት ሥራ ሳበቃ የእጅ አጥንት የሚነሳበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ዶክተሩ ድንገት ገብቶ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ሃይማኖታዊ ጉዳይ ነው አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

አለች። ፊልሙ ላይ ነጭ ነጥብ ሆና ታየች፣ ከቁራሹ ጫፍ ሁለት ጣት ገባ ብላ፣ በጠርዟ ቆማ። ዳቦውን በውኃ አርሼ አወጣኋት። ምንቃሯ ቀጥ ያለ ነው። ወደ ግራ ትበራለች። በጀርባዋ የጥንቷ ከተማ የሲኪዮን ስም የመጀመሪያው ፊደል አለ፣ ትልቅ። ጠርዟ በአንድ በኩል ሰንጠቅ ብሏል፣ ስፌት የለም። የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ሚዛን 0.41 ግራም ይላል። አላሻሸኋትም።

ደስ ይበልህ። እኔ ግን ደስ አላለኝም። ማታ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጫት ስተኛ የሰረቅኩ ያህል ነው የሚሰማኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ፊልሙ ላይ ከሳንቲሟ ሌላ ያየሁት ነገር አለ። ሊጥ ስለሚያደርገው ነገር ብዙ አላውቅም፣ ራጅ ማንበብ ግን ሥራዬ ነው። ምን እንዳየሁ ታውቃለህ ወይስ ልጻፈው?

ዲያማንቶ


ከኪያቶ በላይ፣ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1979

የሆስፒታሉ ሁሉ ንግሥት፣

ደብዳቤሽን ጎተራ ውስጥ ነው ያነበብኩት፣ ሦስት ጊዜ። አያትሽ ምን ሆነህ ነው ብላ ገባች፤ አይጥ አየሁ አልኳት፣ መጥረጊያ ይዛ አንድ ሰዓት ሙሉ አብራኝ ፈለገች። 

ቁጥር 17 ናት፣ እራሷ። መዝገቡ ላይ 0.42 ነው የሚለው፤ አንድ መቶኛዋን ያያትሽ ብርቱካን በልቷታል። ይህም ያሳስበኛል። ተቆጣጣሪዋ ትጠይቃለች። ሚዛን ያረጃል እላታለሁ።

ስለ ፊልሙ የጠየቅሽው፦ ያያትሽ እርሾ ዳቦ ውስጥ ዋሻ ይሠራል፣ አገር ያውቀዋል። ስለዚህ አትጻፊው።

አሁን በጥሞና ስሚኝ። በፖስታ አትላኪያት። ለስታማቲስም አትስጪ፤ ጓዙ ድንበር ላይ እስከ ጎማው ይፈተሻል። ፈቃድ ጠይቀሽ በባቡር አንቺው ይዘሻት ነይ። የጥንቶቹ ሰዎች ኪስ ያለው ልብስ አልነበራቸውም፤ ገበያ ሲወጡ እንዲህ ያሉትን ትንንሽ ብሮች በጉንጫቸው ይዘው ነበር የሚሄዱት፣ ከሻጩ ጋር ሲነታረኩ እንኳ አይውጧቸውም ነበር። አንቺም በጉንጭና በድድሽ መሐል አድርጊያት። ጠባቂው ሲያናግርሽ ጥርሴን አሞኛል ብለሽ መሃረብ ያዢ። ከረሜላ እየላስሽ ተለማመጂ፤ ግን የማይሟሟ ከረሜላ ፈልጊ። ቁልፍ ይሻላል፣ የሸሚዝ ቁልፍ።

ሃያ ሁለት ቀን አለን። ላምብሮስ መጠርጠር ጀምሯል። ትናንት ሳጥኔን ሲያንኳኳ ያዝኩት፤ ስንት ናቸው ባባ ብሎ ጠየቀኝ። መልሼ የግንባሩን እብጠት ጠየቅኩት።

የባቡሩን ቀን ብቻ ጻፊልኝ። ሌላ ነገር አትጻፊ።

ፓፑሽ


ሽቱትጋርት፣ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1979

ፓፑ፣

በአፌ አልይዛትም።

ተቆጥቼ እንዳይመስልህ፤ ሦስት ቀን አስቤበታለሁ። እንደነገርከኝ በቁልፍ ተለማምጃለሁ፣ ሥራ ላይም ጉንጬ ውስጥ ይዤ ውያለሁ። አንድ ሕፃን ለምን አፍሽ አበጠ ብሎ ጠየቀኝ፣ ልዋሸው ስል አቃተኝ። ሕፃን መዋሸት ካቃተኝ ድንበር ላይ ምን ልሆን ነው? ብያዝ ሌባዋ እኔ ነኝ፣ ላኪው ደግሞ አንተ። ባልያዝ ደግሞ በየሁለት ዓመቱ ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥር ያያ ፊት ስንተያይ እንኖራለን።

ፈቃድ አግኝቻለሁ። ማክሰኞ ፌብሩዋሪ 27 ኪያቶ እደርሳለሁ። ረቡዕ ጠዋት ሁለታችንም ወደ መሥሪያ ቤቱ እንሄዳለን፤ ሴትዮዋ ከመምጣቷ በፊት ሳንቲሟን ጠረጴዛዋ ላይ እናስቀምጥና የሆነውን እንነግራታለን። እሷን በግልጽ በቦርሳዬ፣ ፊልሙንም አብሬ ይዤ እመጣለሁ፣ ዳቦው ውስጥ እንደነበረች ማስረጃ ነው። በፈቃዳችን ከመለስናት የሚምሩህ ይመስለኛል። እርግጠኛ አይደለሁም። አርባዎቹን ሊወስዱብህ እንደሚችሉ አውቃለሁ፣ ይህን ሳላውቅ የምጽፍ እንዳይመስልህ።

ካልተስማማህ አልመጣም። እሷንም እዚሁ ለቆንስላችን አስረክባለሁ።

መልስህን ቶሎ።

ዲያማንቶ


ከኪያቶ በላይ፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1979

ዲያማንቶ፣

ስለዚህ ፈረድሽ ማለት ነው። ራጅ ማንሳት የጀመርሽው አምና ነው፣ ሰው መክሰስ ደግሞ ዘንድሮ። እዚያ ከሄድሽ ወዲህ መስመር ላይ መሰለፍና ቅጽ መሙላት ተምረሻል፣ የጀርመን ሕግ አያትሽን አስረስቶሻል። ሃምሳ ዓመት በአንድ ዓይኔ ያየሁትን ነገር በአንድ ረቡዕ ጠዋት ተነስተሽ ላንዲት ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ ልታፈሺው ነው።

እነዚህ ምን እንደሆኑ የሚያውቅ ሰው ማን አለ? ቁጥር 5ን ሦስት ዓመት ሙሉ ኤሊ ናት ብዬ ያዝኳት፤ ጋሻ ነበረች። ቁጥር 30 የአርጎስ ከተማ ተኩላ መሆኗን ያወቅኩት በአፍንጫዋ ብቻ ነው፣ ሌላው ፊቷ ተበልቷል። እነሱ አንድ ከረጢት ውስጥ ይጨምሯቸውና ጨለማ ክፍል ይከቷቸዋል። ያንን አስበሻል? አላሰብሽም። ንጹሕ እጅ ይዘሽ ትመለሻለሽ፣ እኔ ባዶ ሳጥን ይዤ እቀራለሁ።

እንዳሻሽ አድርጊ። ቆንስላውም ደስ ይበለው።

ሳራንዲስ


ቴሌግራም፣ ኪያቶ፣ ፌብሩዋሪ 22

ደብዳቤ ይመጣል። አታንብቢው። ነይ። ጉንጭሽ ባዶ ይሁን። ፓፑ


ከኪያቶ በላይ፣ ማርች 12 ቀን 1979

ዓይኔ ዲያማንቶ፣

ያንን ደብዳቤ አንብበሽው ኖሯል። ጣቢያው ላይ ስትወርጂ ፊትሽን አይቼ አውቄ ነበር፤ እሱን ሳታነሺ ስላቀፍሽኝ አፈርኩ። አሁን ልበለው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ስለ ጀርመን ሕግ ያልኩት ቂልነት ነው። ሕጉ የኛው ነው፣ ፊርማዬም ከሥሩ አለ።

አንቺ ሐሙስ ተሳፍረሽ ከሄድሽ በኋላ ዓርብ ምን ሆነ ብለሽ ጠይቀሻል። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ረቡዕ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ እኔ ስለ ሊጡና ስለ ላምብሮስ ስተርክ አንቺ በመስኮት ውጭ ውጭውን ታዪ ነበር። አስተውያለሁ። ወይዘሮ ማቭሮማቲ ሳንቲሟንና ፊልሙን ተቀብላ ዓርብ እንጨርሰዋለን ብቻ አለች።

ዓርብ በአራት ሰዓት መጣች። ጠቆር ያለች፣ አጠር ያለች፣ ጫማዋ ጭቃ የለመደ ሴት ናት። አያትሽ የብርቱካን ማርማላታ አቀረበች፣ አልነካችም። ጠረጴዛው ላይ ሚዛኗን ዘረጋችና ከቁጥር 1 ጀመረች። ሥራዋን ታውቃለች፣ ልዋሽሽ አልችልም፤ ሳንቲም የምትይዘው በጠርዙ ነው፣ ብርሃኑን በጎን ታስገባዋለች። ሁለት ቦታ ላይ ግን ተሳሳተች፣ እኔም አረምኳት፣ እርሳሷን ልሳ ጻፈች። አርባው ሲያልቅ ቦርሳዋን ከፍታ ቁጥር 17ን በቦታዋ አስቀመጠች።  አለቀ አልኩ።

ከዚያ ፊልሙን አውጥታ መስኮቱ ላይ ለጠፈችው። አያትሽም ምንድነው ብላ ተጠጋች። ሴትዮዋ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ እናቷ ዳቦ ጋጋሪ እንደነበረች ነገረችን። ቀጥላም ድምጿን ሳትለውጥ እንዲህ አለች፦

"አቶ ሳራንዲስ፣ ሊጥ የዋጠውን ነገር ዙሪያውን ይዘጋበታል። ይቺ ግን የገባችበት መንገድ አላት። ከታች ነው የገባችው፣ ዳቦው ከተጋገረ በኋላ። የመንገዱ ስፋት የአውራ ጣት ያህላል።"

አንቺ ያየሽውና ልጻፈው ያልሽኝ ይህ ነበር። አውቃለሁ። አስቀድሜ አውቄ ነበር።

አያትሽ እጄን አየች። ከዚያ አውራ ጣቴን። "ምን አድርገሃል አንተ ሰውዬ?" አለች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

እኔም ነገርኳቸው። ሊጥ ውስጥ አልጣልኳትም። ላምብሮስ ላይ ላሾፍ አልነበረም። አህያም አልተከተልኩም። ዳቦው ተቆርሶ ሁሉም ወደ እሳቱ ሲዞር ያንቺን ቁራሽ ገልብጬ በአውራ ጣቴ ጎሰጎስኳት። ስታማቲስ ምን እንደሚወስድ እያወቅኩ፣ ድንበሩ የት እንደሆነ እያወቅኩ ነው ያደረግኩት።

ለምን አለች ሴትዮዋ። በኖቬምበር የጻፍሽውን ደብዳቤ ነገርኳት፤ ቋሚ ሥራ ፈርመሻል፣ በጋ ላይ አልመጣም ብለሻል፣ ደብዳቤውም አጭር ነበር። ቁጥር 17ን አሥራ አንድ ዓመት ንስር ናት ብዬ መዝግቤያት ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሽ በክንዴ ሥር አንገትሽን አስገብተሽ "ፓፑ፣ ይቺ'ኮ እርግብ ናት፣ አፍንጫዋ አልታጠፈም" አልሽኝ። መሥሪያ ቤት ድረስ ሄጄ መዝገቡን አሳረምኩ። በመዝገብ የመንግሥት ናት፣ በእጅ የኔ፣ በዓይን ግን ያንቺ ናት ብዬ አሰብኩ። ከቤት አንድ ነገር እንዲነክስሽ ፈለግኩ። ይኸው ነው። የመሥሪያ ቤቱ ወረቀት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያኔ ፈራሁ፣ ፈርቼም ስለ ሊጥ ጻፍኩልሽ።

ሴትዮዋ ሁሉን ጻፈች። ከዚያ ብዕሯን ከደነች። በስሕተት የወጣችና ተመልሳ የመጣች ብትሆን ማስጠንቀቂያ ይበቃ ነበር አለች። አውቆ ያወጣ ሰው ግን ሞግዚት ሊሆን አይችልም። አርባ አንዱንም ወሰደቻቸው። በፈቃዳችን ስለመለስናት ክስ አይኖርም፣ ይህንን በጽሑፍ ሰጥታኛለች፤ ስለዚህ እሱን አታስቢ። እያንዳንዷን በየወረቀቷ ጠቅልላ ቁጥሯን ጻፈችባት። ከረጢት ውስጥ አላፈሰሰቻቸውም፣ ያንንም ተሳስቼ ነበር። አያትሽ በር ላይ ቆማ ስታይ ቆይታ ሴትዮዋን፣ "ሃምሳ ዓመት ከአርባ አንድ ጣውንት ጋር ነው የኖርኩት፣ ቀስ አድርገሽ ያዢያቸው" አለቻት። ከዚያ ገብታ ሰሃን ማጠብ ጀመረች፣ የታጠበ ሰሃን።

ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። በጉንጭሽ ብታመጫት ኖሮም አንድ ቀን ይሆን ነበር፣ በዚያ ላይ አንቺም ትያዥ ነበር። ይህን ደጋግመሽ አንብቢው።

ደግሞ መልካም ዜና አለ። ሴትዮዋ ኮቷን ለብሳ ልትወጣ ስትል ደፉ ላይ ቆመች። መጋዘናቸው ውስጥ አንድ መሳቢያ አለ አለችኝ፤ ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ የተጠራቀመ፣ ማንም ያልለየው ትንንሽ ብር የሞላበት። ወጣቶቹ ትልልቁን ነው የሚወዱት፣ ለዚህ ዓይን ያለው የለም። ሐሙስ ሐሙስ ቢመጡ ወንበር እሰጥዎታለሁ አለችኝ። ባለፈው ሐሙስ ሄድኩ። ወንበሩ አንድ እግሩ ያነክሳል፣ ከሥሩ ካርቶን አጣጥፌ ሰካሁበት። ዘበኛው ሻይ አመጣልኝ። እስከ ምሳ ሦስት ለየሁ፤ ሁለት ኤሊ፣ አንድ የወይን ዘለላ። አራተኛዋን ለሚመጣው ሐሙስ አቆይቻታለሁ፣ ወፍ ትመስላለች።

እዚህ ላይ ፈርሜ ፖስታውን አሽጌው ነበር። መልሼ ከፈትኩት። ባቡሩ ሲነሳ በመስኮት ያልሽኝ ነገር አላስተኛ አለኝ፤ ከዛሬ ወዲያ ከፈለግክ ዝም በለኝ እንጂ አትዋሸኝ ብለሽኛል።

የሐሙሱን መሳቢያ ፈጥሬው ነው። ወይዘሮ ማቭሮማቲ ኮቷን ለበሰች፣ ደህና ይሁኑ አለችና ሄደች። ወንበርም የለም፣ ዘበኛም፣ የወይን ዘለላም። ሐሙስ ዕለት ቤቴ ነበርኩ፣ አጉሊ መነጽሬን ስወለውል ዋልኩ።

ሌላው የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው።

ፓፑሽ